ኮሚኒቲ ኮሌጅ፦ ጥቅሙ የት ላይ ነው? ክሬዲት የሚባክነውስ?

ፊደል22 (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። «ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይሻላል ወይስ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ሳይነሳ የሚያልፍ ሳምንት የለም፤ መልሱም ዘወትር «ርካሽ ነው፣ ግባ» ከሚለው አይዘልም። ርካሽነቱስ እውነት ነው። ግን ሁለት ዓመት ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ሃያ ክሬዲት «አንቀበልም» የተባለ ሰው ምኑን አተረፈ? እስቲ አንድ ቦታ እንሰብስበው። እኔ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ እጀምራለሁ፤ የሌላ ስቴት ሰዎች ጨምሩበት፣ የሳትኩትንም አርሙ።

ዋጋውን በቶሎ እንለፈው። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (ሁላችንም «ኖቫ» የምንለው) ለስቴቱ ነዋሪ አንድ ክሬዲት ወደ 200 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። ባችለር 120 ክሬዲት አካባቢ ነው። 60ውን ኖቫ ጨርሶ ቀሪውን ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወሰደ ሰው የሚቀበለው ዲግሪ የሜሰን ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ግማሹን ሌላ ቦታ ተምሯል» የሚል ነገር አይጻፍም። ለመግባት የኤስኤቲ ፈተና አይጠየቅም፣ ድርሰት አይጻፍም፣ የማመልከቻ ክፍያም የለም።

ጥቅሙ ሁሉ የተንጠለጠለው ግን በአንድ ውሳኔ ላይ ነው፤ እሱም የዲግሪው ዓይነት ነው። ኤ.ኤ እና ኤ.ኤስ የሚባሉት የአሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪዎች ለትራንስፈር፣ ማለትም ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የተሠሩ ናቸው። ኤ.ኤ.ኤስ፣ ማለትም «አፕላይድ» የሚለው ቃል የተጨመረበት፣ በቀጥታ ሥራ ለመግባት የተሠራ ነው። ሁለቱም ሁለት ዓመት ናቸው፣ ሁለቱም 60 ክሬዲት አካባቢ ናቸው፣ ስማቸውም ይመሳሰላል። ኤ.ኤ.ኤስ ይዞ ዩኒቨርሲቲ የሄደ ሰው ግን የሙያ ክላሶቹ «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ክላስ) ተብለው ይገባሉ ወይም ጭራሽ አይገቡም። ከዚያ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ እንግሊዝኛውን እንደገና ይጀምራል። ኤ.ኤ.ኤስ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሬዲዮግራፊ ወይም የጥርስ ንጽህና ለሚማር ትክክለኛው እሱ ነው። ሳያውቁ መግባቱ ነው ችግሩ።

ስለዚህ እቅዱ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይሠራል። መጀመሪያ የምትገቡበትን ዩኒቨርሲቲና ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ምረጡ፤ ሁለት አማራጭ ቢሆንም ግድ የለም። ቀጥሎ የዚያን ሜጀር የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ዝርዝር ከካታሎጉ አውጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ክላስ ከኮሚኒቲ ኮሌጁ ክላስ ጋር አጋጥሙት። ለዚህ ቨርጂኒያ «ትራንስፈር ቨርጂኒያ»፣ ሜሪላንድ «አርትሲስ» የሚባል ድረ ገጽ አላቸው፤ የኮርሱን ቁጥር ስታስገቡ ዩኒቨርሲቲው በምን ስም እንደሚቀበለው ያሳያል። «ኢሌክቲቭ» ብሎ ካመጣው ክሬዲቱ ገባ ማለት ነው እንጂ ሜጀሩን ሞላ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል።

ቨርጂኒያ ውስጥ 16 ክሬዲት ያህል የሆነች «ፓስፖርት» የምትባል የመሠረታዊ ክላሶች ጥቅል አለች፤ እሷን ያጠቃለለና 30 ያህል የሚደርስ «ዩኒፎርም ሰርተፊኬት ኦፍ ጀነራል ስተዲስ» የሚባልም አለ። አሶሼት ሳይጨርሱ ለመሄድ የሚያስቡ ቢያንስ እነዚህን ሞልተው ይሂዱ። ኖቫና ሜሰን ከ2018 ጀምሮ «አድቫንስ» የሚል የጋራ ፕሮግራም አላቸው፤ ተማሪው ከመጀመሪያው በሁለቱም በኩል ይታወቃል፣ የክላስ ዝርዝሩም እስከ ባችለር ድረስ አንድ ነው። ሜሰን ለመግባት ለቆረጠ ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ አላየሁም።

—

የመዝገብ ቤት

ጥሩ ጅምር ነው። እኔ ነዋሪነትን ልጨምር፤ ከኤ.ኤ.ኤስ ቀጥሎ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው።

ቨርጂኒያ የስቴት ነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን በፊት 12 ወር እዚያ መኖርን ይጠይቃል። መኖር ብቻ አይበቃም፣ ለመቆየት ማሰባችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይፈለጋል፦ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባ፣ የስቴት ታክስ፣ የቤት ውል። ኑሮው አሌክሳንድሪያ፣ መንጃ ፈቃዱ ሜሪላንድ የሆነ ሰው ፋይሉ ሲመረመር የሌላ ስቴት ሰው ተብሎ ይመደባል፤ ክፍያውም ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ሜሪላንድ ላይ ደግሞ ዋጋው ሦስት እርከን ነው፤ የካውንቲው ነዋሪ፣ የሌላ ካውንቲ ነዋሪ፣ የሌላ ስቴት ነዋሪ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅን ብንወስድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውና ድንበሩን ተሻግሮ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የሚኖረው ጎረቤታሞች ሆነው ሁለተኛው እጥፍ ገደማ ይከፍላል። ቤት ከመቀየራችሁ በፊት ካውንቲውን እዩ። «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚል የፖስታ አድራሻ ያላቸው አንዳንድ ቤቶች ፕሪንስ ጆርጅስ ውስጥ ናቸው!

ምደባው ስህተት ከመሰላችሁ ይግባኝ ይቻላል። ግን ቀነ ገደብ አለው፤ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስተካክል የለም።

—

ጥርጣሬ አያጣኝም

ሁሉንም ወደ ኮሚኒቲ ኮሌጅ መንዳት ግን ልክ አይደለም። እዚህ ሃይስኩል የጨረሰ፣ ውጤቱ ከፍ ያለ፣ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ የሆነ ልጅ መጀመሪያ በቀጥታ ያመልክት። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች የተቀበሉትን የስቴት ልጅ ሙሉ የገንዘብ ፍላጎት እንሸፍናለን ይላሉ። ብዙ ሀብት ያላቸው የግል ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ። እንዲህ ላለ ልጅ አራት ዓመቱ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ መንገድ በታች ሊወጣለት ይችላል።

ሌላው፣ ትልልቆቹ የውጤት ስኮላርሺፖች በአብዛኛው ለአንደኛ ዓመት ገቢ ናቸው፤ ለትራንስፈር ተማሪ የሚቀረው ትንሽ ነው። «መጀመሪያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ስኮላርሺፑን በኋላ» የሚል ወላጅ ይህን ማወቅ አለበት።

—

ፊደል22

@ጥርጣሬ አያጣኝም እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ለ12ኛ ክፍል ልጅ ሁለቱንም ማመልከትና የእርዳታ ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው። ለትራንስፈር የሚሰጥ የለም እንዳይባል ግን፦ የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ብቻ የሚሰጠው አለ፣ በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይደርሳል። ውድድሩ ከባድ ነው። «ፋይ ቴታ ካፓ» የሚባለው የኮሚኒቲ ኮሌጆች የክብር ማኅበር አባል የሆነ ተማሪ ደግሞ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአባላት የተለየ ገንዘብ ያገኛል። የግብዣው ኢሜይል ሲመጣ ማስታወቂያ መስሏቸው የሚያጠፉት ብዙ ናቸው።

—

ፋፍሳ በነጻ

ስሜ እንደሚለው ፋፍሳ (የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) መሙላት ነጻ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ «እሞላላችኋለሁ» የሚል ሰው ጋር አትሂዱ። አሁን የሚበላሸውን ልዘርዝር።

አካውንቱ ላይ። ተማሪው የራሱን፣ ወላጅም የራሱን አካውንት ይከፍታል፤ በአንድ ኢሜይል ሁለት ሰው አይከፍትም። ስሙ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይገባል። የኛ ሰው የሚሰናከለው የአባት ስምና የአያት ስም ላይ ነው፤ ግሪን ካርዱ ላይ አያት የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቶ ኮሌጁ ላይ በአባት ስም ከተመዘገበ ሲስተሙ ሁለት የተለያየ ሰው አድርጎ ያየዋል፤ ፋፍሳውም ኮሌጁ ጋ ሳይደርስ ይንሳፈፋል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል።

ወላጅ ላይ። ከ24 ዓመት በታች የሆነ፣ ያላገባ፣ የሚያስተዳድረው ልጅ የሌለው ተማሪ ኪራዩን ራሱ ቢከፍልም የወላጅ ገቢ ይጠየቃል። ወላጆቹ ኢትዮጵያ ከሆኑም ይጠየቃል፤ የብር ገቢያቸው ወደ ዶላር ተቀይሮ ይገባል። በስደት ከወላጆቹ የተለያየ ወይም አድራሻቸውን የማያውቅ ግን ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ «ልዩ ሁኔታ» ብሎ ማመልከት ይችላል። ቅጹ ላይ ጥያቄው አለ፣ አትዝለሉት።

ገቢው የሁለት ዓመት በፊቱ ነው፤ ለ2026–27 የሚታየው የ2024 ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የጠፋበት ወይም ሰዓቱ የተቀነሰበት ሰው ቢሮው እንደገና እንዲያየው በደብዳቤና በማስረጃ ይጠይቅ።

የፌዴራሉን እርዳታ ማን ያገኛል? ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው (ዲቪም ይሁን በቤተሰብ)፣ አሳይለም የተፈቀደለት፣ ሬፊውጂ። አሳይለም አመልክቶ የሚጠብቅ፣ ቲ.ፒ.ኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ያለው፣ የተማሪ ቪዛ ያለው የፌዴራሉን አያገኝም። ወርክ ፐርሚት መያዝ ብቻውን አያበቃም። የስቴት ነዋሪ ዋጋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን ነዋሪነት የሚወስነውን ቢሮ ለየብቻ ጠይቁ።

ስንት ነው? የፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ) ጣሪያ ከ2023–24 ጀምሮ በዓመት 7,395 ዶላር ነው፤ በሴሚስተር 3,697 ገደማ። ኖቫ 12 ክሬዲት ወደ 2,400 ቢሆን ቀሪው ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ በእጃችሁ ይገባል። ከ12 በታች ሲሆን በክሬዲቱ ልክ ይቀነሳል፦ 9 ክሬዲት 75 በመቶ፣ 7 ክሬዲት 58 በመቶ፣ 6 ክሬዲት 50 በመቶ። በዕድሜ ዘመን የሚፈቀደው የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ስምንት ሴሚስተር የበላ ሰው ለዩኒቨርሲቲው የሚተርፈው አራት ነው።

ደግሞ ፔል የሚከፍለው ለተመዘገባችሁበት ፕሮግራም ለሚቆጠር ክላስ ብቻ ነው። ከፕሮግራሙ ውጭ አንድ ክላስ ብትጨምሩ 12 ክሬዲታችሁ በእነሱ ሒሳብ 9 ይሆናል። ብር ሲቀንስ የሚደነግጡት አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት ነው።

ብድሩንም አብረው ያቀርቡላችኋል፤ «አክሴፕት» የሚለውን ሁሉ አትጫኑ። ፔሉ ክፍያውን ከሸፈነ ተጨማሪው ብድር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

—

ምሥራቅ

አገር ቤት ዲግሪውን የያዘ ሰውስ? ፔል ያገኛል?

—

ፋፍሳ በነጻ

አያገኝም። ባችለር ያለው ሰው ዲግሪው ከአዲስ አበባም ይሁን ከጎንደር ለፔል ብቁ አይደለም፤ የአሜሪካ ዲግሪ መሆን የለበትም። «አሜሪካ ውስጥ ስላልተማርኩ ዲግሪ የለኝም» ብሎ መሙላት የሐሰት መረጃ ነው፤ በኋላ ኮሌጁ ትራንስክሪፕቱን ሲያገኝ የወሰዱትን ይመልሳሉ። የፌዴራል ብድር ግን ይቻላል። አንዳንድ ስቴቶችም ለሙያ ስልጠና የራሳቸው ገንዘብ አላቸው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ «ጂ3» የሚባለው ከ2021 ጀምሮ በጤና፣ በአይቲ፣ በሙያ ዘርፎች ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያለው ነዋሪ ክፍያውን ይሞላል።

—

ሰነድ አጣሪ

የምሥራቅ ጥያቄ ወደኔ መንገድ አመጣኝ። አገር ቤት ዲግሪ ያለው ሰው ከመጀመሪያው አንድ ብሎ ከመመዝገቡ በፊት ሰነዱን ያስገምግም። ደብሊው.ኢ.ኤስ ወይም ኢ.ሲ.ኢ የመሳሰሉ ድርጅቶች ናቸው የሚሠሩት፤ የትኛውን እንደሚቀበል ኮሌጁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዲግሪውን ብቻ «ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል» ይላል፣ ርካሽ ነው፣ ለሥራ ማመልከቻ ይበቃል። ሌላው እያንዳንዱን ኮርስ ከክሬዲትና ከውጤት ጋር ያወጣል። ለኮሌጅ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ርካሹን አሠርቶ እንደገና የሚከፍል ሞልቷል።

ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ ወይም በታሸገና ማኅተም ባረፈበት ፖስታ ነው የሚሄደው። ፖስታውን «ልየው» ብሎ መክፈት ማበላሸት ነው። ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ሦስት የታሸገ ኮፒ ይዛችሁ ብትወጡ እዚህ ሆኖ ዘመድ ቢሮ ለቢሮ ከማስሮጥ ያድናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚመጣው ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። የሃይስኩል ትራንስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ትርጉም የሚያስፈልገው በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ የተጻፈው ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮሌጁ የተቀበለው የውጭ ክሬዲት ለዩኒቨርሲቲው ዋስትና አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የኮሌጁን ውሳኔ ሳይሆን ዋናውን ሰነድ እንደገና ያያል።

—

ሒሳብ ክፍል

ፊደል22 «እቅዱ ከመጨረሻው ወደ ኋላ» ያለው ከሁሉ በላይ የሚሠራው ሒሳብ ላይ ነው። በቨርጂኒያ ቁጥሮች ልናገር። ኤም.ቲ.ኤች (ሒሳብ) 154 ለሊበራል አርትስ ነው። 245 ስታቲስቲክስ ነው፣ ለነርሲንግና ለማኅበራዊ ሳይንስ ይሆናል። 161 ፕሪካልኩለስ ነው። 263 ካልኩለስ አንድ ነው። «ቀላሉን ሒሳብ ስጡኝ» ብሎ 154 የወሰደ፣ በኋላ ኮምፒውተር ሳይንስ የፈለገ ሰው 154ቱ ወደየትም አያደርሰውም፤ ከ161 ይጀምራል።

ለኢንጂነሪንግ ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ 161፣ 162፣ 263፣ 264፣ ከዚያ 265 እና 267። አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ በአንድ ሴሚስተር ሁለቱን መደረብ የሚቻለው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ከ161 የጀመረ አምስት ሴሚስተር አለቀበት፤ «ሁለት ዓመት» የተባለው እዚያው ፈረሰ። ማሳጠሪያው 167 ነው፤ 161ን እና 162ን በአንድ ሴሚስተር አጣምሮ በአምስት ክሬዲት ይሰጣል። ፊዚክስ 241ም ካልኩለስ ስለሚጠብቅ ሒሳቡ በዘገየ ቁጥር እሱም ይዘገያል።

አገር ቤት ናቹራል ሳይንስ የተማረ ሰው በ12ኛ ክፍል ዴሪቬቲቭና ኢንተግራል አይቷል። እሱን ዝቅ አድርጎ ማስጀመር ግፍ ነው። ግን ከጨረሰ አሥር ዓመት ካለፈው ምደባው ከመወሰኑ በፊት ሁለት ሳምንት ትሪጎኖሜትሪና አልጀብራ ይከልስ። ሜሪላንድ ላይ አክዩፕሌሰር የሚባለውን ፈተና ሰው ሳያጠና እየገባ ነው ሁለት ሴሚስተር የሚያጣው። «ምደባ ብቻ ነው፣ አይወድቁበትም» ሲባል ቀላል ይመስላል። አይወድቁበትም፤ ዝቅ ብሎ መጀመሩ ነው ቅጣቱ።

እንግሊዝኛ ላይም ተመሳሳይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ድጋፍ የሚያስፈልገው ተማሪ ኢንግሊሽ 111ን ኢ.ዲ.ኢ 11 ከሚባለው የድጋፍ ክላስ ጋር በአንድ ሴሚስተር ይወስዳል እንጂ አንድ ዓመት አይጠብቅም። 111 ላይ የሚጥለው ሰዋስው አይደለም። ምንጭ ሳይጠቅሱ መገልበጥ ነው የሚጥለው።

ፈተና ተፈትኖ ክላስ መዝለልም አለ፣ ክሌፕ ይባላል። «ሞደርን ስቴትስ» ኮርሱን በነጻ አስተምሮ የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። እዚህም የሚገቡበትን ዩኒቨርሲቲ የክሌፕ ዝርዝር ሳያዩ አይፈተኑ።

—

ነጭ ጋውን

ነርሲንግ ያልተነሳበት የኛ ሰው ክር የለም፤ እኔ ልጀምረው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ኤ.ዲ.ኤን፣ ማለትም የነርሲንግ አሶሼት ዲግሪ ነው። ባችለር ያለውም ኤ.ዲ.ኤን ያለውም የሚፈተኑት ያንኑ የላይሰንስ ፈተና፣ ኤንክሌክስን ነው፤ ላይሰንሱም አንድ ነው፣ አር.ኤን (የተመዘገበ ነርስ)። ጥቅሙ ይህ ነው። ባችለሩን እየሠሩ በኦንላይን መጨረስ ይቻላል፤ ከፍለው የሚያስተምሩ ሆስፒታሎችም ብዙ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ «ኤ.ቲ.ቢ» በሚባለው መንገድ ኤ.ዲ.ኤኑን እየተማሩ የባችለሩን ክላሶች ጎን ለጎን መጀመር ይቻላል።

«ሁለት ዓመት» ግን አትበሉ። አራቱ ሴሚስተር የሚቆጠረው ፕሮግራሙ ከተቀበላችሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ኢንግሊሽ 111፣ የዕድገት ሳይኮሎጂ፣ እንደ ኮሌጁ ማይክሮባዮሎጂና ስታቲስቲክስ አሉ። ስለዚህ ሦስት ዓመት አስቡ። ኮሌጁ ለማንም ክፍት ነው፣ የነርሲንጉ ፕሮግራም ግን ውድድር ነው፤ የሚወዳደሩት በቅድመ ሁኔታ ክላሶች ውጤትና ቲስ በሚባለው የነርሲንግ መግቢያ ፈተና ነው። አናቶሚ ላይ ሲ አምጥቶ «አለፍኩ» ማለት እዚህ አይሠራም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው የሳይንስ ክላስ ጊዜው አልፎበታል ይባላል።

አናቶሚን ከሦስት ሌላ ክላስና ከሙሉ ሰዓት ሥራ ጋር የሚወስድ ሰው ይወድቃል፤ በተለይ በስምንት ሳምንቱ ክረምት። ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት፦ የ4 ክሬዲት ክላስ በ15 ሳምንት ከነጥናቱ በሳምንት 12 ሰዓት ያህል ይበላል፣ የላብራቶሪው ሰዓት ሲጨመር ከዚያም በላይ። ወደ ስምንት ሳምንት ሲጨመቅ እጥፍ ነው። ክሊኒካሉ (የሆስፒታል ልምምዱ) ሲጀመር ደግሞ የሥራ ሺፍት በእናንተ ፈቃድ አይሆንም፤ የክትባት ወረቀት፣ የወንጀል ማጣሪያ፣ የቢ.ኤል.ኤስ (መሠረታዊ ሕይወት አድን ሥልጠና) ካርድ አንዱ ቢጎድል ሆስፒታሉ በር ላይ ይመልሳችኋል።

እና በጣም የምለምነው ይህን ነው። አገር ቤት በነርሲንግ ባችለር የያዘ ሰው ተመልሶ ኤ.ዲ.ኤን አይግባ! መንገዱ ሲ.ጂ.ኤፍ.ኤን.ኤስ ይባል በነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት በሚባለው ድርጅት የትምህርት ማስረጃ ግምገማ፣ ከዚያ በስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ በኩል ኤንክሌክስ ነው። ቦርዱ የጎደለ ነገር ካገኘ፣ ለምሳሌ የሳይካትሪ ክሊኒካል ሰዓት፣ የጎደለውን ብቻ ነው የሚያስሞላው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ እዚያ ላይ ይጠቅማል።

—

ዝናባማው ሲያትል

ዋሽንግተን ስቴት ላላችሁ፦ እዚህ ትምህርቱ በሴሚስተር ሳይሆን በኳርተር (ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ዘመን) ነው። 90 የኳርተር ክሬዲት ከ60 ሴሚስተር ክሬዲት ጋር እኩል ነው፣ አንድ ክላስ በብዛት 5 ክሬዲት ነው። ከዚህ ወደ ቨርጂኒያ የሚዛወር ሰው 5ቱ 3.33 ሲሆንበት «4 ክሬዲት ሳይንስ» የሚለውን ሳይሞላ ይቀራል። የትራንስፈር ዲግሪው ዲ.ቲ.ኤ ይባላል፣ እሱን ያዙ። አንዳንዶቹ ኮሌጆች ራሳቸው ባችለር ይሰጣሉ፤ ለእነዚህ ኤ.ኤ.ኤስ ያለውም ይገባል።

—

ፌርፋክስ ጎዳና

ካሊፎርኒያ ለስቴቱ ነዋሪ አንድ ዩኒት 46 ዶላር ነው፤ ከዚህ በታች የትም ብዙ አታገኙም። ለማጋጠሚያው «አሲስት» የሚባለው ድረ ገጽ አለ። ስድስት የዩ.ሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ካምፓሶች «ታግ» በሚባለው ስምምነት አስቀድመው መቀመጫ ያረጋግጣሉ፤ በርክሊ፣ ሎስ አንጀለስና ሳንዲያጎ ግን የሉበትም። ኤል.ኤ ያለ ልጅ ሁሉ ዩ.ሲ.ኤል.ኤን ብቻ እያሰበ ታጉን ሳይሞላ ቀኑ ያልፍበታል። ታጉን አንድ ካምፓስ ላይ ሙሉ፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤን በመደበኛው አመልክቱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

—

ሻንጣ ያልፈታ

በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) ለሚመጡ በአጭሩ። ብዙ ኮሚኒቲ ኮሌጆች አይ-20 (ለቪዛው የሚያስፈልገውን ቅጽ) ይሰጣሉ፤ ክፍያው ግን የሌላ ስቴት ነዋሪ ዋጋ ነው፣ 200 ዶላሩን እርሱት። በሴሚስተር ከ12 ክሬዲት መውረድ አይቻልም፣ ከኦንላይን ደግሞ የሚቆጠረው አንድ ክላስ ብቻ ነው። ክላስ ከማቋረጣችሁ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ አናግሩ፤ ካቋረጡ በኋላ መሄድ ሬሳ ከወጣ በኋላ ሐኪም መጥራት ነው። ኦ.ፒ.ቲ (ከትምህርቱ ጋር በተያያዘ መስክ የመሥራት ፈቃድ) ለአሶሼትም 12 ወር አለ፣ ለባችለሩም እንደገና ይሰጣል፤ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንጂነሪንግና የሒሳብ) ማራዘሚያው ግን ለአሶሼት አይሆንም።

—

የመዝገብ ቤት

ማቋረጥ ሲነሳ፣ ቀኖቹን ላስቀምጥ። በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ክላሱ 15 በመቶው እስኪያልፍ «ድሮፕ» ነው፤ ገንዘብ ይመለሳል፣ ትራንስክሪፕት ላይም አይታይም። ከዚያ እስከ 60 በመቶው «ደብሊው» ነው፤ ገንዘብ የለም፣ ጂ.ፒ.ኤ ግን አይነካም። ከዚያ በኋላ ያገኙትን ውጤት መቀበል ነው። የስምንት ሳምንት ክላስ 15 በመቶው አንድ ሳምንት ጥቂት ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፋል።

ደብሊው ጂ.ፒ.ኤ አይነካም ማለት ግን ምንም አይነካም ማለት አይደለም። ለፋይናንሻል ኤይድ የተሞከረ ክሬዲት ነው። ሕጉ በብዙ ኮሌጅ እንዲህ ነው፦ ከሞከሩት 67 በመቶውን ማለፍ፣ ጂ.ፒ.ኤ ከ2.0 አለመውረድ፣ 60 ክሬዲት ላለው ፕሮግራም ከ90 በላይ አለመሞከር። ከውጭ የተቆጠረላችሁም ክሬዲት 90ው ውስጥ ይገባል።

ሁሉንም ክላስ 60 በመቶ ሳይሞላ ትቶ የጠፋ ሰው ደግሞ ከፔሉ ያልተማረበትን ድርሻ ኮሌጁ ለመንግሥት ይመልስና ዕዳውን ለተማሪው ያዞረዋል። ሳይናገሩ መጥፋት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሁሉም ኤፍ ሆኖ ሲገኝ «መጨረሻ የተገኘው መቼ ነው?» ተብሎ ይመረመራል።

—

ወ-2

ታክሱን ማንም አላነሳውም። ቢያንስ በግማሽ ሰዓት (6 ክሬዲት) ለዲግሪ የተመዘገበ ተማሪ «አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ» የሚባለውን የታክስ ክሬዲት (ቅናሽ) ይጠይቃል፦ ከመጀመሪያው 2,000 ዶላር ወጪ ሙሉው፣ ከቀጣዩ 2,000 ሩቡ፣ በድምሩ እስከ 2,500። ታክስ ባይኖርባችሁም እስከ 1,000 በእጅ ይመለሳል። ለአንድ ተማሪ አራት የታክስ ዓመት ብቻ ነው። ኮሌጁ በጃንዋሪ 1098-ቲ የሚባለውን የትምህርት ክፍያ ቅጽ ያወጣል፤ በፖስታ ካልመጣ ኦንላይን አካውንታችሁ ውስጥ ነው። መጽሐፍ 1098-ቲ ላይ አይጻፍም ግን ይቆጠራል፣ ደረሰኙን አትጣሉ። ወላጅ ልጁን በታክሱ ካስገባ ክሬዲቱ የወላጅ ነው፤ አባትም ልጅም ለየብቻ ጠይቀው ሁለቱም ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚደርሳቸው ጊዜ አለ።

—

ምሥራቅ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አንድ ቀርቶኛል፦ ምዝገባ ዘግይቶ የሚፈለገው ክላስ ሞልቶ ከሆነስ?

—

ፊደል22

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ባዶ የሆነ ክላስ ፈልጋችሁ 12 ለመሙላት ብቻ አትመዝገቡ። መጀመሪያ ዌይትሊስት (የተጠባባቂ ዝርዝር) ግቡ፤ የክፍያ ቀን ሲያልፍ ያልከፈሉ ሰዎች ስለሚሰረዙ በዚያ ሳምንት ብዙ ቦታ ይከፈታል፣ ጠዋት ጠዋት እዩት። ሁለተኛ፣ ኖቫ ላይ ዘግይቶ የሚጀምር የ12 ሳምንትና ሁለተኛው የስምንት ሳምንት ሴሽን አለ፣ ያው ክላስ እዚያ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛ፣ የቨርጂኒያ 23ቱም ኮሚኒቲ ኮሌጆች የኮርስ ቁጥራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ኖቫ የሞላ 263 ሌላው ጋ በኦንላይን ክፍት ከሆነ ውሰዱት። ፔል ያላችሁ ግን ክላሱ እንዲቆጠርላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት የራሳችሁን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ።

የወሰዳችሁትን ክላስ ሁሉ ሲላበስ (የኮርሱን ይዘት የሚዘረዝረውን ወረቀት) በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ዩኒቨርሲቲው «ኢሌክቲቭ» ያለውን ክላስ ሜጀር ውስጥ ለማስገባት ዲፓርትመንቱ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አስተማሪውም ለቆ፣ ገጹም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።